ከአንጎል ጉዳት በኋላ ቀልብን መሰብሰብ፦ ለማገገም የሚረዳ የአስተውሎት ልምምድ

የአንጎል ጉዳት የደረሰበት ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ቁስሉ ድኖ፣ መራመድና መናገር ከጀመረ በኋላም ከውጭ የማይታይ ችግር ይዞ ሊኖር ይችላል። ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ሲያወሩ ንግግሩ ይደባለቅበታል። ግማሽ ገጽ ሳያነብ ይደክማል። በትንሽ ነገር ይቆጣና ቆይቶ ይጸጸታል። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ቀን ላይ ያንቀላፋል። የአስተውሎት ልምምድ፣ ብዙዎች ማይንድፉልነስ የሚሉት፣ የሚያግዘው በዋናነት እዚህ ላይ ነው። የሞተ የአንጎል ሴል አያስነሳም፤ የፊዚዮቴራፒን፣ የንግግር ሕክምናን ወይም መድኃኒትን አይተካም። ቀልብ ሲበተን ቶሎ ማወቅን፣ ድካም ከልክ ሳያልፍ መቆምን፣ ንዴት ከአፍ ሳይወጣ መያዝን ግን ያለማምዳል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማንበብ ከከበደዎ አይታገሉ። የቅርብ ሰው ክፍል በክፍል ያንብብልዎ። ለዛሬ የመጀመሪያውን ልምምድ ማወቅ ይበቃል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መያዝ አለበት። የልምምዱ ሥራ ቀልብን አንድ ቦታ ላይ ቸንክሮ ማቆየት አይደለም፤ መሄዱን አውቆ መመለስ ነው። ትኩረትን ለረጅም ጊዜ መያዝ ጉዳቱ ያዳከመው ችሎታ ስለሆነ፣ ራሱን በዚያ የሚመዝን ሰው በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ይቆርጣል። በ3 ደቂቃ ውስጥ ቀልብዎ 20 ጊዜ ሄዶ 20 ጊዜ ከመለሱት፣ 20 ጊዜ ተለማምደዋል ማለት ነው።

መጠኑ ለምን ያንሳል?

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀመው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ ወይም ሲናጥ የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙት ረጃጅም የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፤ አንዳንዶቹም ይበጠሳሉ። በስትሮክ ጊዜ ደግሞ ደም የተቋረጠበት ክፍል ይጎዳል። በሁለቱም መንገድ፣ ድሮ ሳይታሰብበት ይከናወን የነበረ ነገር፣ ለምሳሌ እየተራመዱ ማውራት፣ አሁን ሐሳብን ሰብስቦ የሚሠራ ሥራ ይሆናል። ድካሙ ስንፍና አይደለም። ያው ሥራ የሚጠይቀው ጥረት ጨምሯል።

በስፋት የሚታወቀውን የ8 ሳምንት የአስተውሎት ፕሮግራም አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ጀመረው። በየቀኑ 45 ደቂቃ ያህል የቤት ልምምድ ይጠይቃል። በስልክ የሚገኙት ብዙዎቹ ቅጂዎችም 20 እና 30 ደቂቃ ናቸው። አንጎሉ የተጎዳ ሰው በዚያ ሲጀምር ራሱን ሊያመው፣ መመሪያው መሃል ላይ ሊጠፋበት፣ በመጨረሻም «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ሊተወው ይችላል። ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፤ መጠኑ ነው የበዛው።

ልምምዱ ጥቅም እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በስዊድን ጎተንበርግ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከስትሮክ ወይም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ድካም የነበረባቸው ሰዎች ከ8 ሳምንት ፕሮግራም በኋላ ድካማቸው ቀንሷል። በካናዳም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ድብርት ለያዛቸው ሰዎች የ10 ሳምንት የቡድን ልምምድ ተሰጥቶ የድብርት ምልክታቸው ቀለል ብሏል። በዚህ መስክ ያሉት ጥናቶች በአብዛኛው ጥቂት ሰዎችን የያዙ ናቸው። ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚጠበቀው በድካምና በስሜት ላይ ነው፤ ለማስታወስ ችሎታ ተብሎ ብቻ መጀመር ግን ለቅሬታ ይዳርጋል።

መቼ ይጀመራል? መቼስ አይጀመርም?

ሰውየው ያለበትን ቦታና ቀኑን ሲያውቅ፣ ለ5 ደቂቃ ሳያንቀላፋ መቀመጥ ሲችል፣ «መጽሐፉን አንሳና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ» እንደሚለው ያለ ባለ ሁለት እርምጃ ትእዛዝ መከተል ሲችል ይጀመራል። ከቀላል የጭንቅላት መናወጥ በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሰውነትንና አእምሮን ማሳረፍ ይቀድማል፤ ከዚያ በኋላ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ መጀመር ይቻላል።

እየባሰ የሚሄድ የራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ለመንቃት የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ሰፍቶ መታየት፣ አዲስ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ፣ እየጨመረ የሚሄድ ግራ መጋባት፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ንጹሕ ፈሳሽ መውረድ ከታየ ልምምድ የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ከጉዳቱ በኋላ የሚጥል በሽታ የጀመረው፣ የአደጋው ትዝታ እየመጣ የሚያስጨንቀው፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማው፣ ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያውን ያማክር። እንደነዚህ ያሉ ችግሮች ያሉበት ሰው ብቻውን ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ ቢቀመጥ ሊብስበት ይችላል።

መዘጋጃ

መደገፊያ ያለው፣ ሲቀመጡ ሁለቱም እግሮች ሙሉ በሙሉ ወለሉን የሚነኩበት ወንበር ይምረጡ። አልጋ ላይ አይለማመዱ፤ እንቅልፍ ይወስድዎታል። ብርሃኑን ቀንሱልኝ ይበሉ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። የስልኩን ደወል ለስለስ ባለ ድምፅ 3 ደቂቃ ላይ ይሙሉ። ድንገት የሚጮህ ደወል ያስደነግጣል፣ ያገኙትን እርጋታም ይወስደዋል። ሰዓቱ ጥቂት ካረፉ በኋላ ይሁን፤ ከምግብ ወይም ከፊዚዮቴራፒ በኋላ ወዲያው አይሁን። ለብዙ ሰው ጠዋት ይሻላል።

አንድ ደብተር ያስፈልጋል። ከልምምዱ በፊትና በኋላ ድካምን፣ ራስ ምታትንና ማዞርን ከ0 እስከ 10 እየሰጡ ይጻፉ፤ 0 ምንም የለም፣ 10 የማይቻል ማለት ነው። ከጭንቅላት መናወጥ በኋላ ለአካል እንቅስቃሴ የሚሠራበት መለኪያ እዚህም ያገለግላል፦ ምልክቱ ከ2 ነጥብ ባልበለጠ ጨምሮ በ1 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ችግር የለውም። ከ2 ነጥብ በላይ ከጨመረ ወይም ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ በቀጣዩ ቀን ጊዜውን በግማሽ ይቀንሱ። ይህን ደብተር አይናቁት። የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው «ትናንት እንዴት ነበር?» ሲባል የሚመልሰው በዛሬው ስሜቱ ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ፦ እግር

1. ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ጀርባዎ ወንበሩን ይደገፍ። እጆችዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ።
2. ዓይንዎን አይዝጉ። ወለሉ ላይ 2 ሜትር ያህል ራቅ ያለ አንድ ነጥብ ይምረጡና ሳያፈጡ ይዩት።
3. ሁለቱንም እግርዎን ወለሉ ላይ ጫን አድርገው 3 ጊዜ ይልቀቁ።
4. አሁን የውስጥ እግርዎን ልብ ይበሉ። ሙቀት፣ ቅዝቃዜ፣ ክብደት፣ የጫማ ጥብቀት፣ ያለው ሁሉ ይሁን።
5. ቀልብዎ መሄዱን ሲያውቁ በልብዎ «ሄደ» ይበሉ። ወዴት እንደሄደ አይመርምሩ።
6. እግርዎን ለስለስ አድርገው ጫን ይበሉና ይመለሱ።
7. ደወሉ ሲሰማ ዙሪያዎን 3 ነገር ይመልከቱ፣ ቀስ ብለው ይነሱ።

ብዙ መመሪያዎች በትንፋሽ ይጀምራሉ። እዚህ በእግር መጀመሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ትንፋሽ ረቂቅ ነው፣ ቶሎ ይጠፋል፤ እግር ግን ጫን ሲሉት ይሰማል። ደረቱ አካባቢ ጭንቀት ያለበት ሰውም ትንፋሹን መከታተል ሊያባብስበት ይችላል። ሁለቱም እግር ስሜት ከሌለው መዳፍን ከመዳፍ ጋር ወይም መዳፍን ከጭን ጋር ማነካካት ይቻላል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ማዞር። ሚዛን የሚጠበቀው በዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮ፣ እንዲሁም ከእግርና ከአንገት በሚመጣ ስሜት ነው። ጉዳቱ የውስጠኛውን ጆሮ ሥራ ካዛባ፣ ዓይን ሲዘጋ የቀረው ድጋፍ ያንሳልና ወለሉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ዓይን አይዘጋ የተባለውም ለዚህ ነው። ዓይን ተከፍቶም ካዞረዎ ጀርባዎን ግድግዳ ላይ ያስደግፉ፣ አንድ እጅዎን ጠረጴዛ ላይ ያድርጉ። አሁንም ካልተወዎ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይንገሩ፤ ለማዞር የራሱ ሕክምና አለው።

ጭንቅላት መቅለልና የጣት መንዘር። ይህ ብዙውን ጊዜ «በጥልቅ ተንፍሱ» የሚባለውን ከልክ በላይ በማድረግ ይመጣል። ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ። ለማገገም ላይ ላለ አንጎል ይህ አይበጅም። ትንፋሽዎን አያስረዝሙ፣ አይያዙ፣ አይቁጠሩ፤ ራሱ እንደሚሄድ ይተዉት።

የራስ ምታት። ነጥቡን አፍጥጦ ማየት፣ ጥርስ መንከስ፣ ግንባር መቋጠር ያመጡታል። ምላስዎን ከላይኛው ጥርስ ሥር አሳርፈው ከንፈርዎን ላላ ያድርጉ፣ ዓይንዎን እንደልብ ያርገብግቡ። በ2 ተከታታይ ቀን ከደገመ 1 ደቂቃ ላይ ይመለሱ።

እንቅልፍ። አልፎ አልፎ ቢመጣ ሰውነት ዕረፍት ስለፈለገ ነው። ሁልጊዜ ከመጣ ሰዓቱን ይቀይሩ ወይም ቆመው፣ ወንበር ይዘው ይለማመዱ። የሚወስዱት መድኃኒት እንቅልፍ የሚያመጣ መሆኑንም ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡት።

የአደጋው ትዝታ። ልብ መምታት፣ ላብ፣ የአደጋው ድምፅ ወይም ሽታ ከመጣ እዚያው ይቁሙ። ወደ ውስጥ መመልከቱን ትተው በክፍሉ ያሉ 5 ዕቃዎችን ስም ጮክ ብለው ይጥሩ፣ ቀዝቃዛ ነገር በእጅዎ ይያዙ፣ ሰው ይጥሩ። «ይለፍልኝ» ብሎ ታግሎ መቀጠል ጥንካሬ አይደለም። ይህ ከ1 ጊዜ በላይ ከሆነ ልምምዱን ባለሙያ ባለበት ብቻ ያድርጉ።

የጆሮ ጩኸት። ጸጥታ ሲሆን ጩኸቱ ይጎላል። ቀስ ብሎ የሚዞር ማራገቢያ ወይም ዝቅ ያለ የውኃ ድምፅ ይክፈቱ።

«ምንም አልተሰማኝም።» ይህ ችግር አይደለም። ምንም አለመሰማቱን ማወቅ ራሱ ማስተዋል ነው። እርጋታን እያሳደዱ የሚለማመዱ ሰዎች ከማንም በላይ ይደክማሉ።

እንዴት ይጨመራል?

የመጀመሪያውን ሳምንት 3 ደቂቃ በቀን 2 ጊዜ። ደብተሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ለ5 ቀን ካልጨመሩ 1 ደቂቃ ይጨምሩ። በዚህ መንገድ 10 ደቂቃ ላይ ሲደርሱ ይበቃል፤ ማስረዘም የሚፈልግ ይችላል፣ ግን ከርዝመቱ ይልቅ ድግግሞሹ ይጠቅማል። በቀን 3 ጊዜ 4 ደቂቃ መለማመድ አንድ ጊዜ 12 ደቂቃ ከመቀመጥ ይሻላል፤ የሚደክም ትኩረት በመሃል ያርፋልና። መጥፎ ቀን ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ወደ 1 ደቂቃ ይውረዱ እንጂ ጨርሰው አይዝለሉት።

በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት የሰውነት ቅኝት ሊጨመር ይችላል፦ ከእግር ጣት ጀምሮ እስከ ራስ፣ እያንዳንዱን ክፍል ለ10 ሴኮንድ ያህል ልብ እያሉ ማለፍ። ማታ አልጋ ላይ የሚፈቀደው ይህ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ እንቅልፍ ቢወስድዎ እሰየው። አንድ ጎናቸው የሰነፈባቸው ሰዎች ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የማይሰማው እጅ ላይ ሲደርሱ ሐዘን ድንገት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ማልቀስም ይቻላል። በደህናው እጅ የሰነፈውን ቀስ ብሎ እየዳሰሱ ማለፍ ይረዳል። በተለይ ከአንጎል የቀኝ ክፍል ስትሮክ በኋላ ግራ ጎኑን ጨርሶ የሚረሳ ሰው፣ ከተረሳው ጎን ይጀምር፤ ቀልቡ ገና ሳይደክም እዚያ ይደርሳል።

በሥራ መሃል ማቆም

እንደ እኛ እምነት ትልቁ ጥቅም ወንበሩ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። የአንጎል ድካም ድንገት የወደቀ ይመስላል እንጂ ምልክት ይልካል። አንድን መስመር ሁለቴ ማንበብ፣ ማዛጋት፣ ጥርስ መንከስ፣ የተለመደ ድምፅ መረበሽ፣ የምታውቀው ቃል ምላስ ላይ መቅረት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ሰው ሲጠራ መናደድ። የእያንዳንዱ ሰው ምልክት የተለየ ስለሆነ የእርስዎን 2 ወይም 3 ምልክት ፈልገው ደብተሩ የፊት ገጽ ላይ ይጻፉ።

ከዚያ ወሰንዎን ይለኩ። በማንበብ ላይ ምልክቱ በ30ኛው ደቂቃ ላይ የሚጀምር ከሆነ ደወሉን 20 ላይ ይሙሉ። ሲደወል፣ ደህና ነኝ ቢሉም፣ ያቁሙና 2 ደቂቃ እግርዎን ልብ ይበሉ፤ ስልክ አይክፈቱ፣ ስልክ ማየት ዕረፍት አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ደህና በሆኑበት ቀን ማቆም ነው። ደህና ቀን ሲገኝ የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ጨርሶ ቀጣዩን 2 ቀን መተኛት በማገገም ላይ ያለ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበት ወጥመድ ነው።

ሌላው ቀርቶ እጅ መታጠብ ልምምድ ይሆናል፦ የውኃው ሙቀት፣ የሳሙናው ልስላሴ፣ ድምፁ። አንድ ሥራ ብቻ፣ በአንድ ጊዜ።

ንዴት ሲመጣ

ጉዳቱ ከግንባር ጀርባ ያለውን የአንጎል ክፍል ከነካ ስሜትን የሚገታው ሥርዓት ይላላል፤ ቁጣው ከመታሰቡ በፊት ይወጣል። በትንሽ ካርድ ላይ አራት ቃል ይጻፉና ኪስዎ ውስጥ ይያዙ፦ ዝም። እግር። ትንፋሽ። ንግግር። ዝም ማለት መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ እግርን ጫን ማድረግ፣ አንድ ተራ ትንፋሽ፣ ከዚያ መናገር ወይም ከክፍሉ መውጣት። ይህን በቁጣ መሃል ለመማር መሞከር አይሠራም። ደህና በሆኑበት ሰዓት በቀን 5 ጊዜ ያለ ምክንያት ይለማመዱት። ለቤተሰብም አስቀድመው ይንገሩ፦ «እጄን ካነሳሁ 10 ደቂቃ ልውጣ ማለቴ ነው።» አለበለዚያ መውጣትዎ እንደ ማኩረፍ ይቆጠርና ሌላ ጠብ ይሆናል።

ለሚረዳው ሰው

«ረሳሁት» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ በግንባር ክፍል ጉዳት ደግሞ ሰውየው እያወቀና እየፈለገም መጀመር ያቅተዋል። ስለዚህ «ለምን አልሠራህም?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም። አብረው ይቀመጡና ይጀምሩ። ልምምዱን አስቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ያያይዙት፣ ለምሳሌ የጠዋት መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ፤ ወንበሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን።

ሲናገሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይናገሩ፣ ከዚያም መልሱን ሳያጣድፉ 10 ሴኮንድ ይጠብቁ። ቋንቋ የተጎዳበት ሰው ረጅም መመሪያ አያስፈልገውም፦ የራስዎን እግር እያሳዩ «እግር» ማለት በቂ ነው። በረጅሙ ዝም ማለትም መመሪያውን ያስረሳል፤ በየ20 ወይም 30 ሴኮንዱ «እግር» ብለው በዝግታ ይድገሙ። ሲያበቃ አይፈትኑት፤ «ስንት ጊዜ ሄደብህ?» የሚል ጥያቄ ልምምዱን ወደ ፈተና ይለውጠዋል። የእናንተም ድካም ከባድ ነውና ያንኑ 3 ደቂቃ ለራሳችሁም አድርጉት።

ከ8 ሳምንት በኋላ

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሳምንት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ድካሙ 1 ወይም 2 ነጥብ ቢወርድ፣ ወይም ነጥቡ ሳይወርድ የሚሠሩበት ጊዜ ቢረዝም ይቀጥሉ። ምንም ለውጥ ከሌለ ደብተሩን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ድካሙ ሌላ ምክንያት እንዳለው እንዲመረመር ይጠይቁ። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ሆርሞኖችን የሚቆጣጠረው ፒቱታሪ ዕጢ ሊጎዳና ድካም ሊያመጣ ይችላል፤ የደም ማነስ፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ፣ ድብርት፣ እንዲሁም አንዳንድ የሚጥል በሽታና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ድካም ያመጣሉ። እነዚህ ብዙዎቹ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው፤ ምልክቶቹ በስንት ሰዓት እንደሚጀምሩና ምን እንደሚያባብሳቸው የሚያሳየው ደብተር ሐኪሙ ምርመራውን ከየት እንደሚጀምር ይጠቁመዋል።